ከጋፋት እቶን እስከ አንጀት ግድግዳ

ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር በሚገዙበት ዘመን፣ በ1740ዎቹ፣ በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ቪንቼንዞ ሜንጊኒ የሚባል ሐኪም ደም እያደረቀ ያቃጥል ነበር። አመዱን አልሞ ፈጭቶ ማግኔት ሲያስጠጋበት ቅንጣቶቹ ብድግ ብለው ማግኔቱ ላይ ተለጠፉ። ደሙን ከፋፍሎ ሲመረምርም ብረቱ በብዛት ያለው በቀዩ ክፍል መሆኑን አየ። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር በዚህ ትረካ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ደም ውስጥ ብረት መኖሩ በዚህ ተረጋገጠ። ብረቱ ከገበታ ተነሥቶ ደም ውስጥ የገባው በየት በኩል ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከ250 ዓመት በላይ ፈጀ። ከመልሱ ደግሞ ቀላል የማይባለው ክፍል የተገኘው በኢትዮጵያ አውድማዎች፣ ድስቶችና ተራሮች ላይ ነው።

ሐኪሞቹ መልሱን አልጠበቁም። ፈረንሳዊው ፒየር ብሎድ በ1832 የብረት ሰልፌትን ከፖታሲየም ካርቦኔት ጋር ቀላቅሎ የሠራውን እንክብል ፊታቸው ለገረጣ፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ወጣት ሴቶች ይሰጥ ጀመር። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ፊታቸው ደም መለሰ። መድኃኒቱ ሠራ፤ እንዴት እንደሠራ ግን ሰጪውም ተቀባይዋም አያውቁም ነበር።

በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ደብረ ታቦር አጠገብ የብረታ ብረት ትምህርት በሌላ መልኩ ተጀመረ። አፄ ቴዎድሮስ ከስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና ተቋም የመጡትን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ ቴዎፍል ዋልድማየርንና ጓደኞቹን፣ ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው። ሞሪትዝ ሆል የሚባል ፖላንዳዊም ነበረበት። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ግን መድፍ ነው። ከአገሬው ሠራተኞች ጋር ሆነው የሥራ ቤት አቆሙ፣ እቶን ገነቡ። ሙከራው ከሸፈ፤ ደገሙት። በ1859 ዓ.ም. ገደማ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከቅርጹ ወጣ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው አምባ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።

ብዙ ሰው ሴባስቶፖልን የብረት መድፍ አድርጎ ያስበዋል። ነሐስ ነው፤ ልዩነቱም ለዚህ ትረካ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ነሐስ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ቀልጦ ይፈሳል። ንጹሕ ብረት ግን 1,538 ዲግሪ ካልደረሰ አይፈስም። የጎንደር አካባቢ ቀጥቃጮች፣ በተለይም በዚህ ሙያ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን፣ ማረሻና ማጭድ የሠሩት ብረትን አግለው እየደበደቡ እንጂ እንደ ውኃ አፍስሰው አልነበረም። (ማረሻውን ተቀብሎ ሠሪውን ቡዳ እያለ ያገለለው ማኅበረሰብ የሠራው በደል ዛሬም ድረስ ያሳዝነኛል።) ብረት እልኸኛ ማዕድን ነው። መልኩን ካልለወጡት ወደፈለጉበት አይሄድም። አንጀት ውስጥ የሚሆነውም ይኸው መሆኑ የታወቀው ግን ከዚያ እሳት በኋላ ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የጋፋት ባለሙያዎች የተነሡባት የባዝል ከተማ በዚሁ ታሪክ ውስጥ እንደገና ትመጣለች። በ1880ዎቹ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጉስታቭ ፎን ቡንጌ፣ ሰው ከምግብ ውጭ በመድኃኒት መልክ የሚውጠው ብረት ጨርሶ ወደ ደም አይገባም ብሎ ተነሣ። ስሙ የተከበረ ስለነበር የብሎድን እንክብል የሚጠራጠር በዛ። በ1893 የኤዲንብራው ራልፍ ስቶክማን ቀላል ግን ብልህ ነገር አደረገ፤ ደም ላነሳቸው ወጣት ሴቶች ብረቱን በአፍ ሳይሆን ከቆዳ በታች በመርፌ ሰጠ። ደማቸው ጨመረ። በአፍ የተሰጣቸውም እንደዚያው። ሆድ ውስጥ የገባ ብረት ደም ይሆናል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ነው። በ1937 እንግሊዛውያኑ ሮበርት ማካንስና ኤልሲ ዊዶውሰን ሰውነት የተረፈውን ብረት የሚያስወጣበት መንገድ እንደሌለው አሳዩ። ጨው ቢበዛ በሽንት ይወጣል፤ ውኃም እንዲሁ። ብረት ግን ከገባ ገባ ነው። አዋቂ ሰው በሰውነቱ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ሲሆን፣ ያረጁት ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ብረታቸው ተሰብስቦ እንደገና ለአዲሶቹ ይውላል። በየቀኑ በሚረግፍ ቆዳና በሚፋቅ የአንጀት ሴል የሚጠፋው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሴት በወር አበባና በወሊድ ከዚህ በላይ ታጣለች። መውጫ ከሌለ ቁጥጥሩ ሁሉ መግቢያው ላይ ነው የሚሆነው። አንጀት እንግዲህ ያገኘውን የሚያስገባ ወንፊት ሳይሆን ማን እንደሚገባ የሚወስን በረኛ መሆን አለበት።

በ1939 በአሜሪካ ሮቸስተር ጆርጅ ዊፕልና ፖል ሃን በረኛውን ሥራ ላይ ያዙት። ጨረር የሚያመነጭ ብረት ለውሾች አበሉና ተከታተሉት። ደም ያነሳቸው ውሾች ብዙውን ወሰዱ፤ ጤነኞቹ ግን እምብዛም አልወሰዱም። የአንጀቱ ሴል ብረት ሲጠግብ በሩን ይዘጋል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተወለደ። በ1963 ማርሴል ኮንራድና ዊልያም ክሮዝቢ ጨመሩበት፤ የአንጀት ሴሎች ዕድሜያቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት የማይፈልገውን ብረት ሴሉ ውስጡ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያም ሴሉ ሲረግፍ ከነብረቱ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ወደ ቤቱ ሳይዘልቅ በደጀ ሰላሙ የተመለሰ እንግዳ ዓይነት ነው።

በዚህ ወቅት ነው ኢትዮጵያ ወደ ታሪኩ መሃል የገባችው።

ለብሔራዊ መከላከያ የሥነ ምግብ ጉዳይ የተቋቋመ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች የጋራ ኮሚቴ በአገራችን ያካሄደውን የሥነ ምግብ ዳሰሳ በ1959 በሪፖርት አወጣ። ከሪፖርቱ ባለሙያዎችን ግራ ያጋባው የብረቱ መጠን ነበር። ጤፍ የሚበላው ሕዝብ ከሌላው ዓለም ጋር ሲተያይ የትየለሌ ብረት ይመገባል። ቁጥሩ በቀን በመቶዎች ሚሊግራም የሚቆጠርባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ ሰውነት በቀን አሳልፎ የሚያስገባው ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። ያ ሁሉ ብረት ከየት መጣ? ገብቶስ ከሆነ ጉበቱን ለምን አልጎዳውም?

ጥያቄውን ይዞ ከሠሩት ዋነኛው ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ኢንግቨ ሆፍቫንደር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ይሠራ ነበር፤ ክፍሉ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ሆፍቫንደር በ1968 ያሳተመው ጥናት ርዕሱ ራሱ የኢትዮጵያውያንን ደምና ከፍተኛውን የብረት አመጋገብ የሚያያይዝ ነው። መልሱ የተገኘው አውድማ ላይ ነው።

በደብረ ታቦሯ ፋርጣም ሆነ በሌላው ደጋ ያደገ ሰው አውድማን ያውቀዋል። መሬቱ ይጠረጋል፣ ይደለደላል፣ በእበት ይለቀለቃል። ነዶው ይበተንበትና በሬዎቹ እየዞሩ ይረግጡታል። ከዚያ በመንሽ ይነሣል፣ በነፋስ ይዘራል። ስንዴና ገብስ ቅንጣታቸው ትልቅ ስለሆነ አፈሩ ይለያል። የጤፍ ቅንጣት ግን ራሱ አሸዋ ያህል ነው፤ በሰፌድ ቢያንገዋልሉትም፣ በወንፊት ቢነፉትም ደቃቁ ቀይ አፈር አብሮት ይቀራል። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ ብረት ነው። ያ ሁሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም አብዛኛው ከእህሉ ሳይሆን ከአውድማው የመጣ ነበር። የአውድማው ዝገት በጨጓራ አሲድ በቀላሉ የማይሟሟ በመሆኑ እንደገባ ይወጣል። በኢትዮጵያውያኑ ሰውነትም የብረት ክምችት አልታየም።

ይህን በደንብ ለመረዳት ደቡብ አፍሪካን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ጥቁሮች በብረት በርሜልና ድስት የሚጠምቁት ኮምጣጣ ቢራ የጠጪዎቹን ጉበት በብረት ይሞላው ነበር፤ ቶማስ ቦትዌልና ባልደረቦቹ ይህን ለዓመታት አጥንተውታል። ከቢራው የሚገኘው ብረት ከኢትዮጵያው የጤፍ ብረት ያነሰ ነበር። ግን አሲዱ አሟምቶታል። የእኛው በመቶዎች ሚሊግራም ደጅ ቀረ፤ የእነሱ ያነሰው ብረት ገብቶ ጎዳ። በመጽሔቶቻችንና በሬዲዮ ጤፍ በብረት እጅግ የበለጸገ ስለሆነ ደም ማነስ አይነካንም የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። የሳህኑ ቁጥር ሌላ፣ በበሩ ያለፈው ቁጥር ሌላ ነው።

ያም ሆኖ አባባሉ ከባዶ አልተነሣም። በ1976 መሐሪ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያ ነፍሰ ጡሮች ዘንድ ደም ማነስ ብርቅ መሆኑን አስነበቡ፤ ለድሃ አገር ያልተጠበቀ ውጤት ነበር። በ1980 ደግሞ አብርሃም በስራትና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የጤፍን ብረት በጥልቀት መረመሩ፤ ከቅንጣቱ የራሱ የሆነው ስንት ነው፣ ከላዩ የተለጠፈው ስንት ነው ብለው። ጤፍ በአሲድ ሲታጠብ ብረቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የቀረው የእህሉ የራሱ ብረት ደግሞ ከሌሎች እህሎች ያን ያህል የራቀ አይደለም። ክርክሩ በዚህ አልተቋጨም፤ ከአፈሩ ትንሿ ክፍል በእርሾው ኮምጣጣነት ልትሟሟ ትችላለች የሚሉ ተመራማሪዎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ሐሳባቸውን ችላ ማለት ልክ አይመስለኝም።

የእህሉ የራሱ ብረት ሌላ ጠላት አለው፤ ፋይቴት የሚባለው በቅንጣቱ ውስጥ የተከማቸ ፎስፎረስ ያለው ውሁድ። ብረቱን አንቆ ይዞ ከአንጀት ግድግዳ ያስቀረዋል። በ1983 ደግሞ ጄምስ ኩክና ባልደረቦቹ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር ለኩ። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና የብረትን መግባት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አላደረገም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ከለከለ። ከምሳ በኋላ ረከቦት የሚዘረጋበት አገር ሰው ይህን የሰዓት ነገር ልብ ሊለው ይገባል። በተቃራኒው ከእንጀራው ጋር የሚነከስ ቃሪያ፣ ወጡ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ብረቱን ያግዙታል፤ ውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ማለፍ ወደሚችልበት መልክ ይለውጠዋል።

ማለፍ የሚችልበት መልክ የትኛው ነው? በሩ ራሱ በ1997 ተገኘ። ቦስተን ውስጥ ሂሮሚ ጉንሺንና ማቲያስ ሄዲገር ከአይጥ አንጀት የተወሰደ የዘር መልእክት በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ አስገብተው ብረት የሚያሳልፈውን ነጥለው አወጡ። በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ማርክ ፍሌሚንግና ናንሲ አንድሩስ በተፈጥሯቸው ደም የሚያንሳቸው አይጦች የተበላሸባቸው ይኸው ዘረ መል መሆኑን ደረሱበት። ፕሮቲኑ ዛሬ ዲ.ኤም.ቲ.1 ይባላል። የሴሉ ሽፋን ቅባት ነው፤ ኤሌክትሪክ የያዘ ብረት ቅባትን ሰንጥቆ አያልፍም። ዲ.ኤም.ቲ.1 በቅባቱ ውስጥ የተተከለ መተላለፊያ ሆኖ ብረቱን ከአንድ የሃይድሮጅን ቅንጣት ጋር ጎን ለጎን ያስገባዋል። ከጨጓራ አሲድ ይዞ የሚወርደው ምግብ መጀመሪያ የሚደርስበት የትንሹ አንጀት ጫፍ፣ ዱዎዲነም፣ ብረት የሚገባበት ዋና ቦታ የሆነው ለዚህም ነው። በዚህ በር የሚያልፈው ደግሞ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣው ብረት ብቻ ነው፤ ሦስት ያጣው፣ ማለትም የዝገቱ ዓይነት፣ አያልፍም። በ2001 አንድሪው ማኪና ባልደረቦቹ ሦስቱን ወደ ሁለት የሚመልስ ሌላ ፕሮቲን ከበሩ አጠገብ አገኙ።

1999 ለዚህ ታሪክ የተለየ ዓመት ነው። ክሪስ ቩልፕና ግሬግ አንደርሰን ብረቱ ከአንጀት ሴል ወደ ደም ሲወጣ መልሶ ሦስት የሚያደርገውን ፕሮቲን አገኙና ሄፋስቲን አሉት፤ በግሪኮች ተረት የቀጥቃጮች አምላክ በሆነው በሄፋይስቶስ ስም። በሳይንስ ውስጥ ለቀጥቃጭ የተሰጠ እንዲህ ያለ ክብር ስላለ የጋፋትን ባለእጆች እያሰብኩ ደስ ይለኛል።

በዚያው ዓመት ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ከትግራይ የመጣ ጥናት ወጣ። አብዱላዚዝ አዲሽና ባልደረቦቹ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ 407 ሕፃናትን በሁለት ከፈሏቸው። የግማሾቹ ቤተሰቦች ብረት ድስት፣ የተቀሩት አሉሚኒየም ድስት ተሰጣቸው። ከ12 ወር በኋላ በብረት ድስት የሚበስልላቸው ሕፃናት ሄሞግሎቢን (ብረት የያዘው የደም ቀይ ፕሮቲን) በአማካይ በዴሲሊትር በ1.7 ግራም ሲጨምር የሌሎቹ በ0.4 ብቻ ጨመረ። ከድስቱ የሚፈተተው ብረት እንደ አውድማው ዝገት አይደለም፤ ይሟሟል፣ ይገባል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲለካ ግን አንድ የተለየ ነገር ነበር። ሥጋና አትክልት በብረት ድስት ሲበስሉ ሊገባ የሚችለው ብረታቸው ጨመረ። ጥራጥሬ ላይ ግን የድስቱ ዓይነት ለውጥ አላመጣም። ሽሮ የዕለት እንጀራው ለሆነ ሕዝብ ይህ ቀላል ዜና አይደለም።

በ2000 ከሴሉ ወደ ደም የሚወጣበት በር፣ ፌሮፖርቲን፣ በሦስት የተለያዩ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ተገኘ። አንደኛው ያገኘው ደም ከሚያንሰው ትንሽ ዓሣ ነበር። ቁልፉን የያዘው ግን ጉበት ሆኖ ተገኘ። ሄፕሲዲን የሚባል ትንሽ ሆርሞን ያመርታል፤ ሰውነት ብረት ሲጠግብ መጠኑ ይጨምራል። በ2004 ኤሊዛቤታ ኔሜትና ቶማስ ጋንዝ ሄፕሲዲን ፌሮፖርቲንን ይዞ ወደ ሴሉ ውስጥ እንደሚያስገባውና እንደሚያጠፋው አሳዩ። በሩ ይነቀላል። በሴሉ ውስጥ የቀረው ብረት ከሴሉ ጋር ይረግፋል። ኮንራድና ክሮዝቢ በ1963 ያዩት ነገር አሠራሩ ይህ ነበር።

በመሃሉ፣ በ2002፣ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ከጋፋት ወደ ሰሜን በሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ በምትባል፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ቦታ 236 ሰዎችን መርምረው ጽፈው ነበር። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በዚያ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው በጣም ይጨምራል፤ አየሩ ስለሳሳ ሰውነት ብዙ ደም ይሠራል፣ ለዚያም ብረት ይስባል። የአምባራስ ወንዶች በአማካይ በዴሲሊትር 15.9፣ ሴቶች 15.0 ግራም ብቻ ነበራቸው፤ በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙ አይለይም። ሄሞግሎቢናቸው ግን 95.3 በመቶ በኦክስጂን ተሞልቶ ነበር። ኦክስጂን ሲያንስ የሚነቃ ፕሮቲን የአንጀቱን የብረት በሮች እንደሚያበዛ በ2009 በአይጦች ላይ ታውቋል። የእኛ ደገኞች ያንን መንገድ ሳይጎትቱ ከፍታውን መቻላቸው እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ይዞ ቆይቷል።

ደም ማነስ ብርቅ ነው ከተባለ ወዲህ ያለው ቁጥር ግን ያሳዝናል። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው ደም እንደሚያንሳቸው አሳየ። ብረት የሞላበት አውድማ አጠገብ። አሁን አሠራሩ ስለታወቀ ይህ እንቆቅልሽ አይደለም። ሕፃን ልጅ በተቅማጥ፣ በወባ፣ በሳንባ ምች ሲመታ ጉበቱ ሄፕሲዲን ይረጫል፤ ሰውነት ብረቱን ከጀርሞቹ ሊደብቅ ብሎ በሩን ይነቅላል። የታመመ ልጅ የሚበላው ብረት ምንም ያህል ቢሆን ደጅ ይቀራል። በየወሩ የሚታመም ልጅ በየወሩ በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቃለአብ ባዬና ባልደረቦቹ በ2013 ሰሜን ወሎ ውስጥ ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት የሚመገቡትን አጥንተው አወጡ። እዚያም አብዛኛው ብረት የአፈር ነበር። ቀጥለው የእንጀራ ሊጥ ላይ ሠሩ። እርሾው ሲቦካ ፋይቴቱን ይሰብራል፤ በሊጡ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚያመነጩት ኢንዛይም የታነቀውን ብረት ይፈታዋል። ግን ሙሉ በሙሉ አይሰብረውም፤ ብረቱን የሚይዙ የጥራጥሬውና የእህሉ ሌሎች ውሁዶችም አሉ።

ዛሬ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ ገበሬ በጥር አውድማውን በሸራ ሸፍኖ ይወቃል፤ የመውቂያ ማሽን የገባበትም አለ። ጤፉ ንጹሕ ይሆናል፣ የሚለካው ብረትም ይወርዳል። ያኔ የሚቀረው የቅንጣቱ ብረት ነው። እሱን ደግሞ ከፋይቴት አላቅቆ ወደ ዱዎዲነሙ በር የሚያደርሰው ማሰሮ ውስጥ ክዳኑን ገፍቶ አረፋ የሚያወጣው፣ ሁለትና ሦስት ቀን የቆየው ሊጥ ነው።